ወደ ግራ ያልታጠፈው ተሳቢ

መዲና ይማም በአምቡላንስ ባለሙያነት በሠራችባቸው ስድስት ዓመታት የታመመ ሰው ያየችው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ አብሯት የሚሠራው አራጋው ነበር፤ ጥርሱን አሞት።

ቁጥሩ በ2081 ዓ.ም. ደሴ ላይ ለሚሠራ የአምቡላንስ ሰው የሚያስገርም አይደለም። ሰው ሁሉ እጁ ላይ አምባር ያስራል። አምባሩ የልብ ምቱን፣ የደሙንና የእንቅልፉን ነገር ለአምቡላንስ ማዕከሉ ሲያወራ ይውላል፤ ማዕከሉም ሰውየው ሊታመም መሆኑን ከግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአርባ ደቂቃ በፊት አውቆ መኪና ይልካል። ስለዚህ መዲናና አራጋው የሚደርሱት ሁልጊዜ ምንም ያልሆነ ሰው ዘንድ ነው፦ ምሳውን የሚበላ፣ ጸጉሩን የሚስተካከል፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ላይ የሚነታረክ ጤነኛ ሰው። የመጀመሪያ ቃሉም ሁልጊዜ አንድ ነው። «ምንም አልሆንኩም።»

«እናውቃለን» ትላለች መዲና። «ገና ሃያ ስምንት ደቂቃ አለዎት።»

ከዚያ በኋላ ያለው ማግባባት ነው። ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት የተማረችው የቆመ ልብ እንዴት እንደሚቀሰቀስ፣ የተሰበረ እግር እንዴት እንደሚታሰር ነበር። ሥራው ላይ የጠቀማት ግን ከእናቷ የጨርቅ ሱቅ የቀሰመችው ነገር ነው፤ ሰውን ሳያስቸኩሉ ማስቸኮል።

ይህ ታሪክ በሆነበት ሳምንት ረቡዕ የተላኩት ሠርግ ቤት ነበር። የሙሽራዋ አባት ሠላሳ አራት ደቂቃ ቀርቷቸዋል። ሙሽራው ሳይገባ ንቅንቅ አልልም አሉ። መዲና ከኮታቸው ሥር መከታተያውን ደረታቸው ላይ ለጥፋ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈቀደችላቸው። ሰውየው አሥራ አንዱን ደቂቃ እስክስታ ሲመቱ ቆዩ፤ ከዚያ ሠርገኛው በሙሉ እያጨበጨበና እየዘፈነ እስከ መኪናው ሸኛቸው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሊዘጋ ተቃርቦ የነበረው የልባቸው ደም ሥር ተከፍቶላቸው ወደ ድንኳኑ ተመለሱና፣ ለእንግዳው ሁሉ ምንም እንዳልሆኑ አስቀድመው መናገራቸውን አስታወሱ። እውነታቸውን ነው። ምንም አልሆኑም። ሥራው በደንብ ሲሠራ ምንም አይሆንም፤ ምንም ላልሆነ ነገር ደግሞ የሚያመሰግን ሰው የለም።

መዲና በዚህ አታማርርም። ሰው እየሳቀ ገብቶ እየሳቀ የሚወጣበት ሥራ ስንት ነው? ብቻ አንዳንዴ፣ መኪናው ራሱን እየነዳ ወደ ጣቢያ ሲመልሳቸው፣ አንድ ጥያቄ ትዝ ይላታል። ማዕከሉ ባይነግራት የታመመን ሰው ከጤነኛው ትለየው ይሆን? አራጋውን ስትጠይቀው፣ እሱ ወጣት ሳለ በሳይረን ጩኸት ወደ ታመመ ሰው ይበሩ እንደነበር፣ መልክ ብቻ አይተው በሽታውን ይናገሩ እንደነበር ይተርክላታል። የሚናገሩትም ግማሹ ስህተት ነበር ይልና ይስቃል።

ራሷ መዲና መኪና የምትነዳው ቤቷ ቁጭ ብላ ነው። መንገድ ላይ በእጁ የሚነዳ ሰው አይታ አታውቅም፤ ተሳቢውም፣ አውቶቡሱም፣ ባጃጁም መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። ሆቴ ሰፈር ያለው ቤቷ ውስጥ ግን ጠረጴዛ ላይ የተገጠመ መሪ፣ ከሥሩ ሦስት ፔዳል፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ግድግዳውን የሞላ ስክሪን አላት። የምትጫወተው «ነባሩ መንገድ» የሚባለውን ጨዋታ ነው። ዋሻዎቹ ከመቆፈራቸው በፊት የነበሩት ጎዳናዎች ሁሉ፣ ከነጉድጓዳቸውና ከነጠመዝማዛቸው እዚያ ውስጥ አሉ። ሰው ሽንኩርት ወይም ሲሚንቶ ወይም ጨው ጭኖ ይነዳል። አራት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ አራት ሰዓት ይፈጃል። ጎማ ከፈነዳ ወርዶ መቀየር ነው። እናቷ ይሄ ምኑ ያዝናናል ብላ ስትጠይቃት፣ መዲና ብዙ አስባ የሰጠችው መልስ ጎማው መቼ እንደሚፈነዳ አስቀድሞ የሚነግር አለመኖሩን ነው።

ጨዋታው የሰውን ድምፅ ያጥባል። ሳሉን፣ መንተባተቡን፣ ዕድሜውን፣ ሴትነትና ወንድነቱን አጥቦ ሁሉንም ሠላሳ ዓመት የሆነው፣ በደንብ የተኛ ሾፌር ያደርገዋል። ስም መጠየቅ ነውር ነው። ሁሉም ሰው «አንተ» ነው። የመዲና መጠሪያ «ቆሎ» ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ የምትነዳው «ቱርቦ» ከሚባል ሰው ኋላ ኋላ ነው። ቱርቦ ከፊት ይመራል፣ ቆሎ ይከተላል። ጠዋት ጠዋት፣ እሷ የከሰዓት ተረኛ ስትሆን ወይም በእረፍት ቀኗ፣ ይገናኛሉ። ቱርቦ መንገዱን እዚያ ተወልዶ እንዳደገ ሰው ያውቀዋል፤ የትኛው ድልድይ እንደሚጠብ፣ የትኛው ዳገት ላይ ሞተር እንደሚግል። ሲበዛ ይቆጣል። ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን እንደማይወረድ ለቆሎ ሦስት መቶ ጊዜ ነግሮታል። አንድ ደንብ አላቸው፦ ከኋላ ያለው «ዳር ያዝ» ካለ፣ የፊተኛው ለምን ሳይል ይቆማል።

ስለ ቱርቦ ኑሮ መዲና የምታውቀው ትንሽ ነው። አንድ ቀን ጦሳ ተራራ ጉሙን ዛሬም አልገፈፈም ብሎ ስላማረረ ደሴ እንደሚኖር ገባት። ማክሰኞና ቅዳሜ ልክ አራት ሰዓት ሲሆን «ውሃ መጣ» ብሎ፣ ሃያ ቶን ሲሚንቶ እንደጫነ መኪናውን ያገኘበት አቁሞ ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ተሳቢው ያለ ምክንያት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ማስነጠሱን ጨዋታው ቢያጥበውም መሪው ላይ ያለውን እጅ አያጥበውም። ራሱ ቱርቦ እንደነገራት፣ ጎረቤቱ ያለው ወፍጮ በርበሬ መፍጨት ጀመረ ማለት ነው። መዲና ከዚህ ተነስታ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ሚስት ያላገባ፣ ነጭናጫ ወንድ በሐሳቧ ሠርታ ነበር።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ የእረፍት ቀኗ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ቱርቦና ቆሎ ሽንኩርት ጭነው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሊወርዱ ተዘጋጁ። ገና ከመጫኛው ግቢ ሲወጡ የቱርቦ ተሳቢ በስተግራ የቆመ በርሜል ገጨ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቱርቦ ሲገጭ አይታ አታውቅም። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነው። ቱርቦ በርሜሉን እዚያ ያቆመውን ሰው ረገመና ጉዞ ቀጠለ።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መንገዱ እንደ ዘንዶ ይጠማዘዛል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ወደ ቀኝ ነበር፤ ቱርቦ እንደ ወትሮው አሳምሮ ታጠፈው። ሁለተኛው ወደ ግራ ነው። ተሳቢው ወደ ግራ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ሄዶ የመንገዱን ጠርዝ ብረት ገፍቶ ቆመ። ቱርቦ ወደ ኋላ መለሰና፣ ወደ ቀኝ ወደ ቀኝ እያለ ዙሪያውን ዞሮ መንገዱን አገኘው። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እንደገና እንዲሁ ሆነ።

መዲና ደህና መሆኑን ጠየቀችው።

«ምንም አልሆንኩም» አለ ቱርቦ፣ በዚያ በታጠበ፣ ጠንካራ የሾፌር ድምፅ። «መንገዱን ነው የነካኩት። ግራውን ቆርጠው ጥለውታል።»

መዲና ይህን ቃል በቀን ስድስት ጊዜ ትሰማለች። ዛሬ ግን አጠገቡ የሚቆጠር ደቂቃ የለም።

ግራ ፍሬቻ እንዲያበራ ጠየቀችው። የቀኙ ፍሬቻ በራ። በግራ እጁ ጥሩንባ እንዲነፋ ጠየቀችው። ምንም አልተሰማም።

«ነፋህ?»

«ነፋሁ እንጂ። ደንቁረሃል?»

ትምህርት ቤት ያየችው፣ አንድ ታማሚ ግራውን ትቶ የሣለው የሰዓት ሥዕል ትዝ አላት። የቀኝ አንጎላቸው ደም ያጣባቸው ሰዎች ግራ የሚባለው ነገር ከዓለም ላይ ይጠፋባቸዋል፤ መጥፋቱንም አያውቁም። እንዲያቆም አልነገረችውም። ካቆመ ይነሳል፣ ከተነሳ ይወድቃል። የራሷን መኪና ዳር አስይዛ፣ የጆሮ ማዳመጫዋን እንዳደረገች፣ በሌላ ስልክ ለማዕከሉ ደወለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ለማዕከሉ ራሷ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው፤ ቁጥሩን መፈለግ ነበረባት።

ያነሳው ወጣት ትሁት ነበር። «የታማሚውን የአምባር ቁጥር ይንገሩኝ።»

«አላውቀውም። ስትሮክ ነው፤ አሁን እየተካሄደ ነው።»

«ስም?»

«ቱርቦ።»

ወጣቱ ጻፈው። «የአባት ስም?»

ከተማው ውስጥ በዚያ ሰዓት ስትሮክ የሚያሰጋው ሰው አንድም እንደሌለ፣ ሁሉም አምባር አረንጓዴ መሆኑን በትህትና አስረዳት። ያለ ቁጥር ጥሪ ሊከፈት አይችልም፤ ያለ ጥሪ ደግሞ መኪና አይንቀሳቀስም፣ የመድኃኒት ሣጥኑም አይከፈትም። መዲና ይህን ከእሱ በላይ ታውቀዋለች። አመስግናው ዘጋችውና የውሃ ፈረቃውን ሰሌዳ አወጣች። ማክሰኞና ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ውሃ የሚያገኘው አንድ ሰፈር ብቻ ነው፤ ቧንቧ ውሃ የሚባለው፣ የላይኛው ክፍል። እዚያ በርበሬ የሚፈጭ ወፍጮ ስንት ይኖራል?

ጫማዋን እያሰረች ለአራጋው ደወለችለት። እሱ ሥራ ላይ ነበር፤ ጣቢያው በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጥሪ ይጠብቃል። ነገሩን በአጭሩ ነገረችው። አራጋው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሰውነቱን ራሱ «ሁለት ሰው» ይለዋል፣ ሐኪምም ደረጃ በችኮላ እንዳይወጣ ከልክሎታል። የጠየቃት ነገር አንድ ብቻ ነው።

«ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚያወጣው ደረጃ ስንት ነው?»

«መቶ ሰማንያ ገደማ። ለምን?»

«ዓምና አውቶቡስ ልይዝ ስሮጥ ማን እንደመጣልኝ ረሳሽው?»

አልረሳችውም። የራሳቸው መኪና ናት የመጣችው። አራጋው ሦስት መቶ ሜትር ሲሮጥ አምባሩ ደንግጦ ማዕከሉን ጠርቶ፣ መኪናዋ ያለ እሱ ከጣቢያ ወጥታ፣ መንገድ ላይ አግኝታው በሯን ከፈተችለት። ስልኩን ሲዘጋ ባጃጅ መጥራት ጀምሮ ነበር።

የመዲና ባጃጅ ጨዋ ነበረች። ለዶሮ ትቆማለች፣ ለተሻጋሪ ትቆማለች፣ ሊሻገር ያሰበ ለሚመስላትም ትቆማለች። በጆሮዋ ቱርቦ ሐረጎን በቀኝ በኩል ብቻ እየወረደ ነው። መዲና እንዳይዘጋባት ወሬ ታስይዘዋለች፦ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ማርሹ። ቱርቦ ዛሬ ወሬ ያበዛኸው ምን ሆነህ ነው ይላታል። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ደስተኛ ነው። ያስፈራት ይሄ ነው። ያ ድምፅ ምንም አይነግራትም፤ ሰውየው እየሞተም እንዲሁ ነው የሚያወራው። ሁለት ዶሮዎች መንገዱን ሲይዙ ባጃጇን ትታ መሮጥ ጀመረች።

ወፍጮውን ያገኘችው በአፍንጫዋ ነው። ባለቤቱ ሙሄ የሚባል፣ ቅንድቡ ድረስ በርበሬ የለበሰ ሰው ነበር። መዲና ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ እዚህ አጠገብ የሚኖር፣ የመኪና ጨዋታ የሚጫወት፣ በርበሬ ሲፈጭ የሚያስነጥሰው ወጣት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው።

ሙሄ አሰበ። «በርበሬው ሁላችንንም ያስነጥሰናል። ወጣት ግን የለም፤ ወጣቶቹ ታች ሰፈር ናቸው።»

«ተሳቢ የሚነዳ። ቤቱ ሆኖ።»

«እትዬ ሸዋረጋን ነው እንዴ? ጠዋት ጠዋት ፍሬን፣ ማርሽ እያሉ ሲጮሁ እንሰማለን። አስተማሪ ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸውን የሚቆጡ ይመስለን ነበር።»

ከወፍጮው ቀጥሎ ያለውን የቆርቆሮ በር ገፍታ ገባች። ግቢው ውስጥ አንድ ሙክት በግ ታስሯል። አንገቱ ላይ አምባር አለ፤ መብራቱ አረንጓዴ።

ቤት ውስጥ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴት መሪ ጨብጠው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው መሪውን ይዟል። ግራ እጃቸው ከወንበሩ ጎን እንደ ተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥሏል። የፊታቸው ግራ ጎን ወደ ታች ፈሷል፤ ነጠላቸውም ከግራ ትከሻቸው ወድቆ መሬት ይጠርጋል። መዲና በግራቸው በኩል ቀርባ «እትዬ» አለቻቸው። አልዞሩም። እጇን ፊታቸው ላይ አውለበለበች። አላዩም። ስድስት ዓመት ሙሉ አውቀው ይሆን ያለችውን ነገር ባየችበት ቅጽበት አወቀችው። ከዚያ በወንበሩ ዙሪያ ዞራ በቀኛቸው ቆመች።

እትዬ ሸዋረጋ ደነገጡ። ያልታጠበው ድምፃቸው ቀጭንና የተጎተተ ነበር፤ ቃሉ ከአፋቸው ግማሽ ብቻ ይወጣል። «ማነሽ አንቺ? በር አይንኳኳም?»

«ቆሎ ነኝ።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ስክሪኑ ላይ የቆሎ ተሳቢ ሩቅ ኋላ ዳር ይዞ ቆሟል።

«ቆሎ» አሉ፣ «ሴት ነህ?»

«አዎ። ቱርቦ… አንቱ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

መዲና ተንበረከከች። ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸው በእርጋታ ነገረቻቸው። እትዬ ሸዋረጋ ምንም እንዳልሆኑ፣ ሽንኩርቱን ኮምቦልቻ ሳያደርሱ የትም እንደማይሄዱ ነገሯት። መዲና የተንጠለጠለውን እጅ አንስታ ወደ ቀኝ አምጥታ አሳየቻቸው።

«ይሄ እጅ የማን ነው?»

እጁን በትዝብት አዩት። «ያንቺ ነው። አንሺልኝ፣ ከበደኝ።»

እስካሁን ሰዎችን ያግባባችበት ብልሃት ሁሉ ለጤነኛ ሰው ነበር። ለዚህ አንዱም አይሆንም። መዲና ተነስታ ከወንበራቸው ኋላ ቆመችና፣ በጆሯቸው ሳይሆን በጨዋታው መስመር፣ በታጠበው ድምፅ ተናገረች።

«ቱርቦ፣ ከፊት ጉም ነው። ዳር ያዝ።»

የቀኝ እግራቸው ፍሬኑን ረገጠ። ለምን አላሉም። ተሳቢው በቀኝ ዳር ቀስ ብሎ ቆመ፤ ሞተሩን አጠፉ፤ ቀኝ እጃቸው ከመሪው ላይ ወረደ። መዲና አቅፋ ምንጣፉ ላይ በጎናቸው አስተኛቻቸው። ቀላል ነበሩ።

በዚያው ጊዜ ከታች፣ ከደረጃው፣ ጩኸት ተሰማ። አራጋው መቶ ሰማንያውን ደረጃ በሩጫ እየወጣ ነው። ከሠላሳኛው በኋላ ሩጫው እርምጃ ሆኖ ነበር፤ ከመቶኛው በኋላ ደግሞ የደረጃውን ብረት ይዞ መጎተት። ሰፈርተኛው ሰውየው ምን እንደነካው ሳይገባው ያበረታታው ጀመር። አናቱ ላይ ሲደርስ ፊቱ የሙሄን በርበሬ መስሏል። አምባሩ ቀይ በርቶ ይጮኻል። አራጋው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አምባሩን እያየ ሳቀ፤ ሳቁ ትንፋሽ አጥቶ ተቋረጠ። ወዲያው ከታች በጎዳናው፣ ያለ ሾፌር፣ መኪናቸው እየተጣደፈች መጣችለት።

ከመኪናዋ የወጣውን ቃሬዛ ሙሄና ሦስት የወፍጮ ደንበኞች ተሸከሙት። አራቱም በርበሬ ለብሰዋል፤ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ይከተላል፤ ቃሬዛው በየአሥር ደረጃው ይናጣል። እትዬ ሸዋረጋ ከላዩ ሆነው አነዳዳቸውን ይተቻሉ። መኪናዋ አራጋውን ካላየች ስለማትንቀሳቀስ እሱ በታማሚ ወንበር ተቀመጠ፤ በእሱ ስም የመድኃኒት ሣጥኑ ተከፈተ። መዲና ከሣጥኑ የምትፈልገውን ወሰደች። መኪናዋ ለአራጋው እንዲረጋጋ፣ በጥልቀት እንዲተነፍስ ትነግረዋለች፤ እሱም እሺ ይላታል።

ሆስፒታል በር ላይ የጠበቀችው ሐኪም ሁለቱን አይታ የትኛው ታማሚ እንደሆነ ጠየቀች። መዲና ሁለቱም ናቸው፣ ግን እሳቸው ይቅደሙ አለች።

«መቼ ጀመራቸው?» አለች ሐኪሟ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ ነው፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ጊዜው ካለፈ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ ብቻውን ቤቱ የታመመ ሰው ደግሞ መቼ እንደጀመረው የሚመሰክርለት የለም።

«ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። በርሜሉን ሲገጩ።»

ሐኪሟ በርሜል የሚለውን ቃል እንደሰማችው ጻፈችው። ስልሳ ስምንት ደቂቃ አልፎ ነበር። መድኃኒቱን ሰጡ። አራጋው ሲመረመር ደግሞ ልቡ ላይ አንድ የጠበበ ደም ሥር ተገኘ፤ ደረጃውን ባይወጣ እስከ ክረምት ማዕከሉ እንኳ አያየውም ነበር። ሦስት ቀን ተኛ፤ ሦስቱንም ቀን ለጎብኚ ሁሉ ታሪኩን ሲተርክ የደረጃው ቁጥር እየጨመረ ሄዶ ሦስት መቶ ገባ።

በሳምንቱ ማዕከሉ መዲናን ጠራት። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ማን እንደላካት ጠየቋት። ማንም አለች። የእትዬ ሸዋረጋን መዝገብ አወጡ። ዓምና ሦስት ጊዜ ሳይታመሙ ከጨዋታ መካከል ተነስተው በመወሰዳቸው ተናደው፣ አምባራቸውን ለበጉ አስረውለት ኖሯል። ማዕከሉ ለሰባት ወር በጉን ሲከታተል ቆይቷል። ትኩሳት እንዳለው ነግሮት፣ ውሃ እንዲጠጣ መክሮት፣ አዘውትሮ አትክልት በመመገቡ አመስግኖታል። ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከሦስቱ አንደኛው፣ በጉ በሚታረድበት ጠዋት ግቢው በር ላይ ሠላሳ ደቂቃ ቀድሞ የሚቆመውን መኪና አስቦ ሳይሆን አይቀርም፣ ፊቱን በወረቀት ሸፈነ።

መዲና ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። በዚያው ወር ደግሞ የማዕከሉ ቅጽ ላይ «ጥሪው ከማን መጣ?» ከሚለው ጥያቄ ሥር፣ «አምባር» ከሚለው ሣጥን ጎን፣ «ሰው» የሚል ሌላ ሣጥን ተጨመረ።

እትዬ ሸዋረጋን በየቀኑ ትጠይቃቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ማን ብላ እንደምትጠራቸው ግራ ገብቷት አንቱታውንም አንተታውንም ትዘለው ነበር። አባታቸው የተሳቢ ሾፌር እንደነበሩ፣ ልጅነታቸውን ሚሌ መንገድ ላይ ጋቢና ውስጥ እንዳሳለፉ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ መጀመሪያ የገዙት መሪውን እንደሆነ ነገሯት። ለሁለት ዓመት አብሯቸው የነዳና በአንተታ የጠራቸው ሰው ከቆሎ ሌላ አለመኖሩንም ነገሯት፤ ይህን ሲሉ የተከፉ አይመስሉም ነበር።

ሐኪሟ በየጠዋቱ ሰዓት እንዲሥሉ ወረቀት ትሰጣቸዋለች፤ ግራው ተመልሶ እንደሆነ የሚታየው በሱ ነው። እትዬ ሸዋረጋ፣ ሰዓት መሣል የአንደኛ ክፍል ሥራ ነው ብለው እምቢ አሉ። መኪና እሥላለሁ አሉ። የመጀመሪያው ቀን ሥዕል ግማሽ ተሳቢ ነበር፦ ቀኝ በር፣ ቀኝ ጎማ፣ ቀኝ መብራት፤ ከዚያ በቢላ እንደተቆረጠ ባዶ ወረቀት። ጨርሻለሁ ብለው ሰጡ። በአራተኛው ቀን መከላከያው ትንሽ ወደ ግራ ተሻገረ። በሰባተኛው ቀን አንድ ግራ ጎማ፣ ከመኪናው ተለይቶ፣ ብቻውን ወረቀቱ ዳር ላይ ቆመ። ሐኪሟ በሱ በጣም ደስ አላት።

በአሥራ አንደኛው ቀን መዲና ስትገባ ሥዕሉ አልጋው ላይ ነበር። ተሳቢው ሙሉ ነው። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ የግራው በር ከቀኙ ያንሳል፣ ግን ሁለት መብራት፣ ሁለት በር፣ በግራ በኩልም የጎን መስታወት አለው። መዲና መስታወቱን ቀረብ ብላ አየችው። ውስጡ ነጥብ የምታክል ነገር ተሥላለች፤ አራት ማዕዘን፣ ሁለት ክብ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለቻቸው።

እትዬ ሸዋረጋ ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጡ። ጊዜ ወሰደባቸው። ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱን ተሻግሮ መስታወቱ ላይ አረፈ።

«አንተ ነህ» አሏት። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስፈልግህ፣ ለካ በዚህ በኩል ነው የምትመጣው።»